ይድረስ ለክቡር 40 ደቂቃ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ የበረራ ጊዜ ለሆኑት ለክቡር 40 ደቂቃ፤ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን አምኜ ካጠፋሁት ቀን በቀር ደህና ነኝ።

ስልኬ ላይ ሲታዩ እንዴት ያምራሉ! የሁለቱን ከተሞች ስም ገና ጽፌ ሳልጨርስ ብቅ ይላሉ። በአየር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 40 ደቂቃ። አስፋልቱ ምስኪን 275 ኪሎ ሜትር ይለፋል። ሻሸመኔ፣ ነጌሌ አርሲ፣ ባቱ፣ መቂ እያለ ሞጆ ይደርስና ወደ ግራ ታጥፎ በቢሾፍቱ ይገባል። እርስዎ ግን እንደ አሞራ ቀጥ ነው። (ችግሩ አሞራው ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ነው የሚለካው። የእኔንም የአክስቴንም በር አያውቅም።)

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከኮልፌ ደወለች። ዓሣ አምሯታል። "ለ40 ደቂቃ መንገድ ምን ያንገራግርሃል?" አለችኝ። ከእርስዎ ጋር ማን እንዳስተዋወቃት እንጃ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። በበረዶ አድርጌ በሁለት ፌስታል ጠቀለልኩት። ጎረቤቴም ያን ጠዋት አዲስ አበባ ሊሄድ ሚኒባስ ተራ ቆሟል። በሆዴ አዘንኩለት።

ከከተማ ወጥቶ ማረፊያው ለመድረስ ኮንትራት መኪና። ጫማ ማውለቅ፣ ቀበቶ መፍታት። "ይሄ ምንድን ነው?" "ቆሮሶ።" "ሁሉም?" "ሁሉም።" ከዚያ ቁጭ። 3 ሰዓት ተኩል የተባለው በረራ ዘገየ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ብቻ "ትንሽ ይጠብቁ"። በረዶው ግን መጠበቅ አይችልም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጫማዬ ላይ ስታርፍ እርስዎ ገና አልጀመሩም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ቀስ ብለውም አንድ ወንበር ተሻገሩ።

ሐቁን ልናገር፣ አየር ላይ አልዋሹም። ከ1,700 ሜትር ተነስተን ቦሌ ከ2,300 በላይ ላይ አረፍን። ደመናውን አይቼ ሳልጠግብ "ቀበቶ እሰሩ" ተባለ። ክብርዎ ያለቀው እዚያው፣ ሻንጣ መጠበቂያው ጋ ነው። ከቦሌ ኮልፌ ያለውን መንገድ አላወራም፤ የነዳችሁበት ታውቁታላችሁ።

ከቦሌ ሳንወጣ ጎረቤቴ ደወለ። ባቱ ቁርስ በልቷል፣ መቂ ላይ ሽንኩርት ገዝቷል፣ ገብቶ ቡና እየጠጣ ነው። "አንተስ ደረስክ?" አለኝ። ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኩት።

7 ሰዓት ላይ አክስቴ በር ከፈተች። ፌስታሉን ፈትታ ዓሣውን አሸተተች። ቀጥላ እኔን አሸተተች።

"በ40 ደቂቃ?" አለች።

መልስ ከጻፉልኝ እባክዎ በሚኒባስ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣
ባለ ቆሮሶው፣ ከሐዋሳ