ድራሙን ውስጡን ቀለም ቀቡት!

የቡና ማሽናችንን እንዲጠግኑ ከሰጠኋቸው ኮምቦልቻ ካለው ቶርኖ ቤት አሁን ገባሁ። እጄ ግራሶ በግራሶ ስለሆነ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ውስጡን ቀለም ቀቡት! የአባቴን የቡና መቁያ ማሽን ድራም፣ ቡናው የሚገላበጥበትን ውስጡን፣ የአጥር በር በሚቀባበት ብርማ ቀለም ለቀለቁት። «አሳመርንልህ» ይለኛል ደግሞ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት። ቡና መንጣጣት የሚጀምረው እኮ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ቀለም ምን ይሆናል? ይጨሳል፣ ይላጣል፣ ከዚያ ሰው ይጠጣዋል።

ቀለም ማን አዘዘ? የላክሁት ቡሹን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ከነሐስ እንዲያወጡልኝና የተሰበረውን የማርሽ ጥርስ እንዲበይዱልኝ ነው። ነሐስ ያልኩት ለቅንጦት አይደለም። ዘንጉ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል። እነሱ ከተራ ብረት ጥብቅ አድርገው አወጡት። ቀዝቃዛውን በእጅ ያዞሩና «ይኸው ይሽከረከራል» ይላሉ። እሳት ሲነካው ግን ነክሶ ይይዘዋል። ድራሙ ቆመ ማለት ታች ያለው ቡና ከሰል ሆነ ማለት ነው።

ጥርሱ ደግሞ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ዝም ተብሎ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ቀድሞ ይሞቃል፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ይሄን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። ወረቀቱን የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘሁት። ብየዳው አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በጥፍሬ ተከተልኳት፤ ከጥርሱ ግርጌ ተነስታ ቡሎን ቀዳዳው ድረስ ትሄዳለች።

«እንዴት ውስጡን ትቀባላችሁ?» አልኩት ባለቤቱን። ቀና እንኳን አላለም።

«ወንድሜ፣ አብሽር። ሲቆላ ይለቃል።»

«የት ነው የሚለቀው? ቡናው ላይ እኮ ነው!»

ይሄኔ መነጽሩን አወለቀ። ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል። «ስማ፣ ይሄ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው። ለቆራሌው ስጠው፣ በኪሎ ይመዝንልሃል። እናትህ በምንድን ነው የምትቆላው? በምጣድ አይደል? ምጣድ ገዝተህ ግባ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ እንኳን ሳትቀር ሳቀች።

እናቴን ምን አመጣት? እናቴ በምጣድ ቆልታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ዱዓ ተደርጎ እስከ በረካ ታደርሳለች። የእሱ ክብር ሌላ ነው። ለሰፈር ሙሉ የሚሸጥ ቡና ግን በምጣድ አይቆላም። ማሽኑ ፍሬውን እኩል ያገላብጠዋል፤ ከዚያ ትሪው ላይ ሲወርድ ነፋሱ ቶሎ ያበርደዋል። ካልበረደ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። አባቴ በዚህ ማሽን ነው ያሳደገን። ጠዋት ሲቆላ ደሴ ፒያሳ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሽታውን ተከትሎ ሱቃችን ይገባ ነበር።

አሮጌ ነው አለኝ! ጀርመን አገር ፕሮባት የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ አለ። የ1950ዎቹን ማሽኖቹን ዛሬም ሰው ፈልጎ፣ አድሶ ይቆላባቸዋል። እነዚያ አሮጌ አይደሉም? የኛ ሲሆን ነው ቆራሌ የሚጠራው?

እሺ፣ ይሁን። ሞተሩ በ2014ቱ ጦርነት ተነቅሎ ሄደ፣ ከሕይወት አይበልጥም ብዬ ዋጥኩት፤ በሌላ ተካሁት። መርካቶ ሶማሌ ተራ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ኩሽኔታ የሸጠልኝ ሰውዬም አለ፤ ገና ሳይሞቅ ይንጫጫል። ዛሬ ደግሞ ጫኝና አውራጆቹ ራሴ ከልጁ ጋር ተሸክሜ አይሱዙ ላይ ለጫንኩት ድራም ክፈል አሉኝ። ከፈልኩ። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ቃል አልወጣኝም።

ቤት ደርሼ ሳየው ግን የእጅ ማዞሪያውም የለም። ደውዬ ብጠይቅ «ሞተር ካለህ ምን ያደርግልሃል ብለን ቆረጥነው» አሉኝ። ደሴ እየኖርኩ? መብራት ድንገት ሲሄድ ቡናውን ከእሳት የሚያተርፈው እኮ ያቺ እጀታ ናት! ያን ያህል ዘመን የኖረችን ዕቃ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በግራይንደር?

ደክሞኛል፣ ግን ይሄ ማሽን ይቆላል። ቀለሙን እስከ መጨረሻው ፍቄ አወጣዋለሁ። ደሴም ሆነ ወልዲያ ነሐስ አስተካክሎ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት፣ ጊዛ መበየድ የሚችል ሰው የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «ለቆራሌው ስጠው» የሚል ግን ዛሬ ብሎክ ነው፤ ዘመዴም ቢሆን።