ለክቡር ክብ ማህተም፣ ባሉበት መሳቢያ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሲከፈት ይሞላል
ጉዳዩ፦ ከመሳቢያ እንዲወጡልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እዚያው መስኮቱ ሥር አለን።

ከስልጠና እንኳን በሰላም ተመለሱ ልንል ነበር፤ ኋላ ግን የሰለጠነው ያዥዎ እንጂ እርስዎ እንዳልሆኑ ሰማን። እርስዎማ ሦስቱንም ቀን መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። የሄደው ቁልፉ ነው።

የማክሰኞዋን እናት ያስታውሷቸዋል? ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ቀበሌ የሚለቁትን? የፈለጉት መሸኛ ነው፤ አንድ ገጽ። ማመልከቻው ተመራ፣ ባለሙያው አረቀቀ፣ ጸሐፊዋ ተየበች፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ቲተር ተመታ፣ ወጪ ቁጥር ተሰጠ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ለእኛ ከተማ ተአምር ነው። የቀሩት እርስዎ ብቻ። «ማህተም ያዡ ስልጠና ላይ ነው፤ አርብ ይምጡ፣ እማማ።»

አርብ መጡ። አርብ ጠዋት ሥራ የሚያበቃው አምስት ተኩል ነው፤ ያዥዎ አምስት ከሃያ ላይ ብቅ አለ። የማህተም ቀለም የሚይዘው ፓድ ክፍቱን አድሮ ደርቋል። ቀለም ጠብ በማድረግ ፈንታ እፍ እፍ አለበትና መታ፤ ግማሽ ጨረቃ ወጣ። በላዩ ላይ ደገመው፤ ሁለት ጨረቃ። ተቀባዩ ቀበሌ ጋ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄን ማን ነው የሠራልዎት?» አለቻቸው።

ሰማህ? በስተርጅና ፎርጅድ ይዘው ዞሩ ተባሉ፣ ያንተ ጠርዝ ስላልያዘ! መሸኛው ካላለፈ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግባቸውም፤ ካልተመዘገቡ የጤና መድህናቸው አይታደስም፤ ካልታደሰ የስኳር መድኃኒቱ ከኪሳቸው ነው። ሲመለሱ ደግሞ ቢሮ የሚቀረው ኮፒ ፋይል ገብቷል፣ በዚያ ቁጥር ሌላ አይወጣም፣ እንደ አዲስ ያመልክቱ ተባሉ። ለአንዲት ብልቃጥ ቀለም!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። አንተ ያልነው መቆም አድክሞን ነው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር «መሸኛ፦ 30 ደቂቃ» ይላል። እሱ ላይ ያረፉት ማህተም ግን እንዴት ጥርት ብሎ ይነበባል!

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ሰው በአሻራውና በዓይኑ እየተለየ ነው። ወረቀት ግን ዛሬም የሚታመነው እርስዎ ታይተው ነው፤ ስለዚህ እንደ ክብርዎ ይያዙልን። ያዥዎ ከግቢ ሲወጣ ቁልፉን በጽሑፍ ለተተኪ ያስረክብ። ሰኞ ሰኞ ፓዱ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀለም ይደረግ፣ ክዳኑም ይገጠም። በፊደሎችዎ መሐል የተጋገረው ቀለም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረግ። ራቁት ጠረጴዛ ላይ ሲመቱ የሚያርፈው አንድ ጎንዎ ብቻ ነውና ከደብዳቤው ሥር ሦስት አራት ወረቀት ይደረብ። መጀመሪያ ብጫቂ ላይ ይሞከሩ። ደግሞም መጫን እንጂ መደብደብ አያስፈልግም፤ ጠረጴዛው ምን አደረገ?

ከሠላምታ ጋር
(ፊርማ አለው፤ ቲተር አለው)

ግልባጭ፦
ለቁልፉ፣ ባለበት ኪስ
ለስታምፕ ፓዱ
ለእማማ፣ ኮፒውን በራሳቸው ወጪ ከግቢው ፊት ለፊት