ክርክር፦ የቆየ የጡብ ቤት በሲሚንቶ ይጠገን?

ተቃዋሚ፦ በፍጹም! በኖራ የተገነባ ግድግዳ በጡቦቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሲሞላ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ጨውም እዚያው ይጠጥርና የጡቡን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። ግድግዳ መተንፈስ አለበት።

ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ሳንባው በየት በኩል ነው? ግድግዳ የተሠራው ዝናብና ንፋስ እንዳይገባ ነው። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እስኪጠነክር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ዝናቡ ያጥበዋል። ደግሞስ ጡቡን ያረጠበው የተዘጋ አሸንዳ ቢሆንስ?

ተቃዋሚ፦ «ጋሼ» ብሎ ጀምሮ ሳንባ ፍለጋ መግባት አክብሮት አይደለም። እንፋሎት በኖራው ቀዳዳዎች ያልፋል ማለቴ እንደሆነ ገብቶሃል። እንግሊዛዊው ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን ፖርትላንድ ሲሚንቶን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ቤቶች በምን ቆሙ?

ደጋፊ፦ የወደቁትን ማን ቆጠራቸው? የቆሙትን ብቻ እያዩ ኖራን ማመስገን ቀላል ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ ነበር፣ አሁን እንፋሎት ሆነ፤ ነገ ምን ሊሉን ነው? ስለ ወራቱ ግን ዝም።

ተቃዋሚ፦ ለቀልድ ጊዜ የለኝም። ግድግዳው የቤቱ ታሪክ ነው፤ ማንበብ ለሚችል። በርዝመቱ የተኛ ጡብና ጫፉን ወደ ውጭ ያዞረ ጡብ ተፈራርቀው ካየህ፣ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ ባለ ጫፎቹ የውስጡንና የውጭውን ረድፍ ያስራሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1850 የጡብ ግብር የሚከፈለው በቁጥር ስለነበር ጡቡን ያተለቁ ሠሪዎች ነበሩ። ይህን ሁሉ በሲሚንቶ ልስን ልትደፍነው ነው?

ደጋፊ፦ ልስን ያለው ማነው? የተነሣነው ከመጋጠሚያ ነበር። ለነገሩ ጡብ ከፈረሰ ቤት ተለቅሞ ሌላ ቤት ይሠራበታል፤ መጠኑ ቢናገር የራሱን ዕድሜ እንጂ የቤቱን አይናገርም። ሰው የሚኖረው ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው፣ ታሪክ ውስጥ አይደለም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው የሚኖርበትን አታበላሽበት! ኖራ ቢያስጠላው ፍቆ ያወጣዋል። ጠንካራውን ሲሚንቶ በመሮ ሲያወጣ ግን የጡቡም ጠርዝ አብሮ ይሄዳል። ያኔ ማን ይመልስለታል? አንተ?

ደጋፊ፦ በመሮው እስማማለሁ። አሸንዳውስ?