እህትማማቾች ናቸው፣ በቃ!

ኧረ በዛ! ትናንት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስለ ዲዝኒ የካርቱን ፊልም ስለ «ፍሮዝን» እያወራን «የኤልሳና የአና ነገርማ የእህት ፍቅር ብቻ አይደለም» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው? የእህት ፍቅር መቼ ነው ያነሰው?

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ልዩ ያደረገው እኮ ይሄ ነው። የአና ልብ በአስማት በረዶ እየሆነ ነው፣ የሚያድናት የእውነተኛ ፍቅር ሥራ ብቻ ነው ተብሏል፣ የሚወዳት ክሪስቶፍ እየሮጠ እየመጣላት ነው፣ ሁላችንም መሳሙን እየጠበቅን ነው፤ እሷ ግን ዞር ብላ ሰይፍ የተሰነዘረባት እህቷ ፊት ሄዳ ትቆማለች። እጇን እንደዘረጋች በረዶ ሆና ትቀራለች። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገረን?

በሩስ? ወላጆቻቸው ባሕር ላይ ካለቁ በኋላ አና አንኳኩታ መልስ ስታጣ በሩን ተደግፋ ትቀመጣለች። ኤልሳም ከውስጥ ያንኑ በር ተደግፋ ተቀምጣለች። እዚህ ጋ ሁሌ አለቅሳለሁ። አባታችን የሞተ ሰሞን እኔና እህቴም እንዲሁ ነበርን፣ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን መነጋገር አቅቶን።

ሁለት ሰው አጥብቆ ከተዋደደ የግድ ፍቅረኛ መሆን አለበት ያለው ማነው? እኛ እኮ «ወንድሜ ይሙት!» ብለን የምንምል ሰዎች ነን። «የእናቴ ልጅ» ከሚለው በላይ ምን ቃል አለን? ኤልሳ ባል ባይኖራት ምን ጎደላት? እህት አላት እኮ!