ዘሩ እስኪደርስስ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከአፈር ውስጥ ራዲዮአክቲቭ (ጨረር አመንጪ) ሲዚየም ብዙ የማይስብ የሩዝ ዘር ስለማውጣት ያወራል። ደስ ይላል፤ ግን ማዳበሪያውን ረስቶታል። ሲዚየም በባሕርዩ ተክል የሚመገበውን ፖታሽየምን ይመስላል። ስለዚህ የሩዙ ሥር ፖታሽየም መስሎት ያስገባዋል። ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ (2011 እ.ኤ.አ.) በኋላ ጃፓኖች ማሳው ላይ የፖታሽየም ማዳበሪያ ጨምረው ነው ወደ እህሉ የሚገባውን የቀነሱት። ጨረር አመንጪው ሲዚየም 137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ዘሩም ቢሆን ይፈለጋል፣ አልካድኩም።

እኛ ጎጃሞች ጨረር ባያሰጋንም አሲዳማው አፈር አስመርሮናል። በአሲዱ የሚሟሟው አሉሚኒየም የገብሱንና የስንዴውን ሥር ያቀጭጫል። ኖራ ፍቱን ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተጭኖ ይደረሳል? አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ ስንቱ ገበሬ እርሻውን ዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ተክሎበት ከሰል አክሳይ ሆኗል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ አሲድ የሚችል ገብስ ከምን ደረሰ?