አልወጣም ያለው ዘበኛ

እህቴ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «እባክህ ይሄን ነገር አውጣልኝ» አለችኝ። «ይሄ ነገር» የምትለው አንቲቫይረሱን ነው። እሷ አልጫነችውም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የነፃ ሙከራው ጊዜ ካበቃ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ሆኗል። ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ «አደጋ ላይ ነዎት» ብሎ ያስፈራራታል።

አሥር ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ስሙን አገኘሁና «አራግፍ» የሚለውን ነካሁ። አንድ መስኮት ተከፈተ። ልትለዩን ነው ወይ ዓይነት ልመና ነው። ከሥሩ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ «ጥበቃዬ ይቀጥል» ይላል። ከአረንጓዴው በታች ደቃቃ ግራጫ ጽሑፍ አለ፤ ቁልፍ መሆኑን ለማወቅ ማውዙን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ግራጫውን ነካሁ። በቅናሽ ልስጥህ አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ለምን እንደምትሄድ ንገረኝ አለ። ይህንንም አለፍኩት። በአራተኛው መስኮት ላይ ማራገፍ ጀመረ፤ ከዚያ ሪስታርት አድርግ አለኝ፤ አደረግሁ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሰዓቱ አጠገብ የነበረው ምልክት የለም። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል ነገሩን ላረጋግጥ ብዬ የዊንዶውስን የሴኩሪቲ ገጽ ከፈትኩት። ይህን ኮምፒውተር የሚጠብቀው ማን ነው በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው ስም አሁንም የዚያው «የሄደው» አንቲቫይረስ ነው። የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር ደግሞ ሌላ ዘበኛ አለ ብሎ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ፣ ዲፌንደር ራሱን የቻለ አንቲቫይረስ ሆኖ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ቦታውን ለቆ ገለል ይላል፤ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ ኮምፒውተሩ መንቀሳቀስ ያቅተዋልና። ሌላኛው ሲወጣ ዲፌንደር ተመልሶ ሥራ መጀመር አለበት። የወጣው ግን ስሙን መዝገብ ላይ ትቶ ከሄደ፣ ዲፌንደር መውጣቱን አያውቅም። ዘበኛ አለው ተብሎ የተጻፈበት፣ ግን ዘበኛ የሌለው ቤት ሆነ ማለት ነው። እኔ ባላየው ኖሮ እህቴ ይህን ሳታውቅ ስንት ወር ትቆይ ነበር?

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። የፕሮግራሙን ፎልደር ፈልጌ ዲሊት አልኩት። ፈቃድ የለህም አለኝ። እልህ ያዘኝና በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ፣ ገብቼ በእጄ እየለቀምኩ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩን በደንብ ሳስነሳው ኢንተርኔት የለም። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። አንቲቫይረሱ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ የሚፈትሽ ማጣሪያ መሐል ላይ አስቀምጦ ኖሯል። እኔ ፋይሎቹን አጠፋሁ እንጂ በዚህ በኩል እለፍ የሚለው ትእዛዝ አልጠፋም። የሚገርመው መፍትሔው ነው። ለማስወጣት መልሼ ማስገባት ነበረብኝ! ፕሮግራሙን በሌላ ኮምፒውተር አውርጄ፣ በፍላሽ አምጥቼ፣ እንደ አዲስ ጫንኩት። ከዚያ ኩባንያው ራሱ ባዘጋጀው የማጽጃ ፕሮግራም በሴፍ ሞድ ጠራርጌ አወጣሁት። አሁን ነገሩ አለቀ።

ከእኔ እልህ ይልቅ ያ የማጽጃ ፕሮግራም ነው ብዙ የሚናገረው። ማካፊ ኤምሲፒአር የሚባል አለው። አቫስት አቫስት ክሊር አለው። ኤቪጂ፣ ኢሴት፣ ካስፐርስኪ፣ ኖርተን፣ ሁሉም የየራሳቸው አላቸው። ለምን ሠሩት? ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የ«አራግፍ» ቁልፋቸው ሁልጊዜ ሥራውን እንደማይጨርስ ስለሚያውቁ ነዋ! ያውቃሉ፣ መድኃኒቱንም ሠርተዋል፤ መድኃኒቱን ግን የድጋፍ ገጻቸው ጓዳ ውስጥ አስቀምጠውታል። የሚያገኘው እንደ እኔ ግማሽ ቀን ያባከነ ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ምን ይከብዳል?

ለእነሱም የሚባል አለ። አንቲቫይረስ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ላይ ላዩን ተቀምጦ አይሠራም። የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ ሳይከፈት ማየት ስላለበት ዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ይገባል። ቫይረስ ሲገባ መጀመሪያ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ አንቲቫይረሱን መግደል ነው። ስለዚህ ራሱን መከላከል አለበት፤ ፎልደሬን አትንካ ያለኝም በዚህ ምክንያት ነው። ምን ያህል ጥልቅ እንደሚገቡ ዓለም ሁሉ ያየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ነበር። ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለቀቀና፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተገተሩ። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ለብዙዎቹ ማሽኖች መፍትሔው ምን ነበር? ሰው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት። ክራውድስትራይክ የድርጅቶች እንጂ የቤት አንቲቫይረስ አይደለም፤ ሥሩ የሚገባው ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ለምን ጠልቆ ገባ አልልም። ጠልቆ የገባ ነገር ባለቤቱ ውጣ ሲለው በሥርዓቱ መውጣት አለበት ነው የምለው። ቫይረስ ሊያስወጣው ሲሞክር ሙጭጭ ይበል። ባለቤቱ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ፣ አራት መስኮት ታግሦ በቃኝ ካለው በኋላ ግን ሙጭጭ ማለቱ ጥበቃ መሆኑ ቀርቷል።

አንዳንዶቹ ከተራገፍን በኋላም የፈቃድ መረጃውን ኮምፒውተሩ ውስጥ የምናስቀምጠው ደንበኛው ተመልሶ ቢመጣ እንዲቀለው ነው ይላሉ። ይሁን። ታዲያ አንዴ ጠይቁኝ፦ የተወሰነው ይቅር ወይስ ሁሉም ይጥፋ? ለቅናሽ ዋጋው አንድ መስኮት ከተገኘ ለዚህም አይጠፋም።

የነገሩ ሥር ገንዘብ ይመስለኛል። የማይወጣ ደንበኛ ክፍያው በራሱ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ የኖርተን አምራች የነበረውን ሲማንቴክንና ማካፊን በዚሁ በራሱ በሚታደስ ክፍያ ጉዳይ ይዟቸው እያንዳንዳቸው 375 ሺህ ዶላር ከፍለዋል። ገንዘቡ በደንበኛው ዳታም ይመጣል። በ2024 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ አቫስት የተጠቃሚዎቹን የብራውዘር ታሪክ ሰብስቦ በመሸጡ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ካስፐርስኪ ከአሜሪካ ገበያ ሲታገድ፣ ብዙ ደንበኞቹ አንድ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ አልትራኤቪ የሚባል ሰምተውት የማያውቁት አንቲቫይረስ ተጭኖ አገኙ። አሮጌው ራሱን አጥፍቶ ቦታውን ለሌላ አስረክቦ ሄዷል። ልብ በሉ፣ ሲፈልጉ ንጽት አድርገው መውጣት ይችሉበታል!

ጆን ማካፊ እንኳ፣ ስሙን የሰጠውን ኩባንያ ከለቀቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የማካፊ አንቲቫይረስ እንዴት እንደሚራገፍ የሚያላግጥ ቪዲዮ ሠርቶ ለቋል። ሰውየው ብዙ ጣጣ የነበረበት ነው፤ በዚህ ግን የብዙ ሰው ብሶት ገብቶታል።

ኩባንያዎቹ እስኪሻሻሉ ድረስ ግን ሥራው የእናንተው ነው። የምትከፍሉበት ከሆነ ከሁሉ በፊት በአካውንታችሁ ገብታችሁ በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ አቁሙ፤ ፕሮግራሙን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ቀጥሎ የማጽጃውን ፕሮግራም ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ጎግል ላይ ከፍ ብለው ከሚመጡት ማስታወቂያዎች አታውርዱ፤ አንዱን ጥገኛ ለማስወጣት ሌላ የሚያስገቡ አሉ። ይህን ሁሉ ሴፍ ሞድ ሳትገቡ ጨርሱት፤ በተራው ሴፍ ሞድ ኢንተርኔት የለም። ዲስካችሁ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ያዙ፣ መሐል ላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ከዚያ መጀመሪያ በተለመደው መንገድ አራግፉት። ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉና ከሚመጡት ምርጫዎች ውስጥ ሴፍ ሞድን ፈልጋችሁ ግቡ፤ ማጽጃውን አስነሱና ኮምፒውተሩን እንደገና ክፈቱ። ኢሴት ማጽጃው የኔትወርክ ሴቲንግን ሊያጠፋ እንደሚችል ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ የዋይፋይ የይለፍ ቃላችሁን እወቁት። የዊንዶውስ ሴቲንግ የሚመዘገብበት ሪጅስትሪ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ መቆፈር ግን ይቅርባችሁ። እኔ ፎልደር ነክቼ ያገኘኝን አይታችኋል። ብራውዘራችሁ ላይ የቀረ ኤክስቴንሽን፣ አብረው የተጫኑ ቪፒኤንና «ኮምፒውተር አፍጣኝ» የሚባሉ ኮተቶችም ካሉ ለየብቻ መራገፍ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ከአለቃቸው ጋር አብረው አይወጡም።

በመጨረሻም የሴኩሪቲ ገጹን ሳታዩ አትነሱ። እህቴ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው አረንጓዴ ምልክት መጥቷል፣ የዲፌንደርም ስም ተመልሷል። አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችው፤ ደስ ያላት ግን አልመሰለኝም።

«ይሄኛውስ መቼ ነው ገንዘብ የሚጠይቀኝ?» አለች።