«ድርቁ የት ጋ ነው የሚገባው?»

አሁን ነው የገባሁት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ታገሱኝ።

ያቺን ደብተሬን ታውቋታላችሁ። ባለ ካሬዋን። ስምንት እርምጃ ለአምስት ያርድ እያልኩ ከመስከረም ጀምሮ ነጥብ ስጠቀጥቅባት የከረምኳትን። እያንዳንዱ ነጥብ ሜዳ ላይ የሚሰለፍ አንድ ሰው ነው። ዛሬ ይዣት ሄድኩ። የድራም ኮር ወዳጆች የምንሰበሰብበት ቀን ነበር፤ ድራም ኮር ማለት ነሐስ እየነፋ፣ ከበሮ እየመታ ሜዳ ላይ በሰልፍ የሚወዳደር የወጣቶች ባንድ ነው። እንበላለን፣ ከዚያ ሁሉም በተራው «እኔ ዲዛይነር ብሆን ለሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ኮር ይህን ሾው እሠራ ነበር» ብሎ ያቀርባል። የነሐሴው የውድድር ፍጻሜ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ካለቀ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ያለን ነገር ይሄው ነው። ማለም። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ቀን ነው።

የወንድሜን ልጅ ይዤው ሄድኩ። 15 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ሜሎፎን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያ ይነፋል። እነዚያን ነጥቦች አብሮኝ ሲያስቀምጥ የከረመው እሱ ነው። እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። እንዲኮራብኝ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ተነሳ። ጭብጡ «ጊዜ» ነው። አምናም ጊዜ ነበር! አምና አንድ ትልቅ ሰዓት ነበረው፣ ዘንድሮ ሰዓቱ ሦስት ሆነ። ተጨበጨበ። ቀጥላ አንዷ መስታወት አመጣች። ሜዳው በሙሉ ሰው የሚያህል መስታወት፣ ከለር ጋርዶቹ፣ ባንዲራ የሚያወዛውዙት፣ ከኋላው ብቅ ይላሉ። ተጨበጨበ። ህልም ያለው አለ። ማሽን ያለው አለ። አሥር ዓመት ሙሉ ጊዜ፣ መስታወት፣ ህልም፣ ማሽን! ማንም ግን «ይሄ ለዳኞች ይገባል?» ብሎ አልጠየቃቸውም። አንድም ሰው።

አንድ ልጅ ካዴትስ ለሚባለው ኮር ሠርቶ መጣ። እሱኛው ልቤን ነካው፤ እውነቴን ነው። በፈረንጆቹ 1934 የተመሠረተ፣ 10 ዋንጫ የበላ ኮር በ2024 በሩን ዘጋ። ልጁ ሾውን የጀመረው ባዶ ሜዳ ላይ በቆመ አንድ ትራምፔት ነው። ለሌለ ኮር ሾው መሥራት! እንባዬ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌም ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እሳቸው በውድድሩ በ2004 ማይክሮፎን ተፈቀደ፣ በ2009 ኪቦርድ ገባ ብለው እስከ ዛሬ የሚቆጩ ሰው ናቸው። እንጨቃጨቃለን ግን እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ።

ሾዌ ቦስተን ክሩሴደርስ ለሚባለው ኮር ነው። ለምን ቦስተን? ሙላቱ አስታጥቄ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው እዚያው ቦስተን ነው። መሣሪያውስ ምንድን ነው? ቫይብራፎን! ሜዳው ፊት ለፊት በየኮሩ ተደርድሮ የሚቆመው ቫይብራፎን! እነሱ በየዓመቱ የሚያዩትን መሣሪያ የኛ ሰው ይዞ አዲስ ሙዚቃ ፈጠረበት። ይህን ሳስብ ራሱ ይነዝረኛል።

ርዕሱ «አርባ ልጆች» ነው። 40 የአርመን ልጆች። ከዚያ እልቂት የተረፉ፣ ወላጅ የሌላቸው። በፈረንጆቹ 1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም አግኝተዋቸው አዲስ አበባ አመጧቸው፣ የቤተ መንግሥቱ ብራስ ባንድ ሆኑ። የሚመራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። አስቡት እስኪ። ድራም ኮር ማለት ከ22 ዓመት ያልበለጡ ልጆች ከቤታቸው ርቀው፣ ጂም ወለል ላይ እየተኙ፣ በአውቶቡስ አገር እያቋረጡ ነሐስ የሚነፉበት ነገር ነው። ይህ ታሪክ ለድራም ኮር ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

አጀማመሩ እንዲህ ነው። 40 ነፊ ብቻ ሜዳው ጥግ ላይ ተጠጋግቶ ይቆማል። በደብተሬ ላይ ቀይ ነጥቦች ናቸው። ሌላው ኮር በሙሉ ጀርባውን ሰጥቷል። ድምፅ የለም። አንድ ሜሎፎን አንቺሆዬ ይጀምራል። ከዚያ ስኔሮቹ፣ ትንንሾቹ ከበሮዎች፣ በጠርዝ በጠርዙ ችክችካ ያስገባሉ፣ ቀዮቹ ነጥቦች አንድ በአንድ ይበተናሉ። መሀሉ ላይ በቫይብራፎን ባቲ አለ። ድሪሉን፣ ማለትም የሰልፉን እንቅስቃሴ፣ የወሰድኩት ከጥምቀት ነው። ካህናቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አይታችኋል? አንዱ ረድፍ ሲመጣ ሌላው ሲመለስ? ያ እኮ ድሪል ነው! ማንም በኮምፒውተር ሳይስለው ስንት ዘመን የኖረ ድሪል።

ድምፄ እየተንቀጠቀጠ አቀረብኩ። ሌላው አምስት አምስት ደቂቃ ሲሰጠው እኔ ሁለት ተኩል ላይ ሰውዬው እጁን አነሳ። ቤቱ የሱ ነው። ዱሮ ራሱ ኮር ውስጥ ማርች አድርጓል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የሱ ነው።

«ቆንጆ ነው» አለኝ። «የአንበሳው ካርቱን ዓይነት ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «አንበሳ የለበትም። ስለ ብራስ ባንድ ነው።»

«እሺ፣ ታዲያ ዳኞቹ አፍሪካ መሆኑን በምን ያውቃሉ? የሜዳ አህያ ባንዲራ ምናምን ያስፈልግሻል።»

«አዲስ አበባ ነው። የቤተ መንግሥት ባንድ ነው» አልኩ።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ድርቁ የት ጋ ነው የሚገባው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «የቱ ድርቅ?» አልኩት።

«ኢትዮጵያ አይደል? ሁለተኛውን ክፍል ድርቅ አድርጊው። ቡናማ ባንዲራ። ሁሉም ሜዳው ላይ ይወድቃል። ፀጥ። ከዚያ ዝናብ! ሰማያዊ ሐር ከየአቅጣጫው! ኢፌክት ማለት ይሄ ነው!»

ቤቱ በሙሉ «ኦኦ» አለ። እናንተዬ፣ አጨበጨቡ! የመስታወቷ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዴት ያምራል» አለች። ሰውዬውም ሞቅ አለው፤ ደብተሬን ከእጄ ወሰደ። ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣ። በቀዮቹ ነጥቦች ላይ፣ በአርባዎቹ ልጆች ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ወፋፍራም መስመር ጎተተ። «ዝናቡ በዚህ ይገባል» አለኝ። ወረቀቱ ተቦጨቀ። አሁንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተገልጣ እያየኋት ነው። መስመሩ ቀጣዩ ገጽ ድረስ አልፏል።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ምላሴ ተሳሰረ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። አመሰግናለሁ! አሁን መኪና ውስጥ ስመጣ ስንት መልስ መጣልኝ መሰላችሁ። ቆሽቴ አርሯል።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። 77ን በቤታችን ማንም በዋዛ አያነሳውም። አባቴ ያን ዓመት ካነሳ ሁለት ቀን አይናገርም። ሰውዬው ለኢፌክት ሜዳ ላይ ይውደቁልኝ ያላቸው ሰዎች ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ደግሞ ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስም ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ስም ነው የሚጠሩት! ከዚያ ምድር ለዓለም የሚሰጥ ሙዚቃ አለ እያልኩት እሱ የሚያየው የተሰነጠቀ መሬት ብቻ ነው።

«ሁሉም ሰው የሚገባው መሆን አለበት» ይሉኛል ደግሞ። ብሉ ዴቭልስ የሚባለው ኮር ልጆች በ2014 «ፌሊኒየስክ» ብለው መጡ። ስለ አንድ ጣሊያናዊ የፊልም ሰው ነው። ስታዲየም የሞላው ሰው ሁሉ ፊልሞቹን አይቷል? እኔ አንዱንም አላየሁም ነበር። ግን 99.650 አገኙ፣ እስከ ዛሬ ከተሰጠው ነጥብ ሁሉ ይበልጣል። ይገባቸዋል! ወድጄዋለሁ! ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። እኔ ሳላውቀው ልቤን ከፍቼ ካየሁላቸው፣ የኔን ሲያዩ ምናለ ሁለት ደቂቃ ቢታገሱኝ? ሌላው ኮር፣ ፋንተም ሬጅመንት፣ በ2008 በ0.025 ነጥብ ብልጫ ዋንጫውን የበሉት የሮም ባሪያዎችን አመፅ ይዘው ነው። ያኔ ማንም «የሜዳ አህያ አምጡ» አላላቸውም።

በኛ በኩልም እኮ ማረፊያ የለኝም። ባለፈው ሰርግ ላይ አንዷ ዘመዴ «አሁንም ያንን የልጆች ጡሩምባ ትከታተያለሽ?» አለችኝ ሰው ፊት። የወታደር ባንድ ይመስላቸዋል። ስለ አርባ ልጆች ብነግራቸው «አርመኖች ናቸው፣ የኛ አይደሉም» የሚል አይጠፋም። እዚያ ሲሉኝ አፍሪካ አልበቃሽም፣ እዚህ ሲሉኝ ሐበሻ አልበቃሽም። ደከመኝ። ምን አለፋችሁ፣ የምር ደከመኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን መኪና ውስጥ ነው። ልጁ ግማሹን መንገድ ዝም አለ። እዚያ ቤት ሳለን ጫማውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «አክስቴ፣ ግን ሰማያዊው ባንዲራ ያምራል እኮ» አለኝ።

መኪናውን ዳር ያዝኩ። አልተቆጣሁትም። ልጅ ነው፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ አይቷል። ስለ አያቱ ነገርኩት። አያቱ እህታቸውን ተሸክመው ስንት ቀን እንደ ሄዱ፣ ለምን በቤታቸው ዳቦ እንደማይጣል። ማንም ነግሮት አያውቅም። ብዙ ቆይቶ «ታዲያ ለምንድን ነው ለሰውዬው ያልነገርሽው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እስካሁንም የለኝም።

አሁን ልጁ ከቤቱ መልእክት ላከልኝ። ኮንትራዎቹ፣ ትልልቆቹ የነሐስ መሣሪያዎች፣ መጨረሻው ላይ ከ40ዎቹ ኋላ ይቁሙ ወይስ ጎን ለጎን ነው የሚለው። አልተኛም ማለት ነው። እኔም ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ አለኝ፣ ግን አዲስ ገጽ ገልጬ ነጥቦቹን እንደገና እያስቀመጥኩ ነው። 23ኛው ላይ ደርሻለሁ።

የሚቀጥለው ስብሰባ መጋቢት ላይ ነው። እሄዳለሁ። ገጿን በፕላስቲክ አስለብጬ ነው የምሄደው። እስኪ እስክሪብቶውን ይሞክራት!